ብርድ የበላው እጅ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ከፍሪጅ ያወጣችውን በረዶ መዳፌ ላይ አስቀመጠችልኝ። የከሚሴን ሙቀት ታውቀዋለህ፤ በሚያዝያ እኩለ ቀን ላይ ጥላው ራሱ ያቃጥላል። ቀዝቀዝ ይበልሽ ብላ ነው፣ ልጅ ናት። እኔ ግን ጨበጥኩት። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ መዳፌን እንደ እሳት ፈጀኝ። ከዚያ ጣቶቼ የኔ አልመስል አሉኝ። ጣይው እንጂ እማማ ብትለኝም አልጣልኩትም፤ ውሃው በክንዴ ወርዶ ቀሚሴን አራሰው። ልጆቹ አሮጊቷ ጃጀች ብለው ሳቁብኝ።

እኔ የማስበው ሌላ ነበር። ለካ ብርድም ያቃጥላል! ይችን የምታህል በረዶ ያኔ፣ በሙሽርነቴ ጊዜ፣ ለእናቴና ለአባቴ ባስጨብጣቸው ኖሮ ያ ሁሉ እፍረት ባልመጣ። ግን ከየት ይምጣ? ለኛ ለጨፋ ሰዎች በረዶ ማለት አንዳንዴ ከዝናብ ጋር ወርዶ ማሽላ ሰብሮ፣ ወጥተን ሳናየው የሚቀልጥ ነገር ነው።

ባሌን፣ አላህ ይማረውና፣ ጎረቤቱ በገበሬነቱ ያውቀዋል፣ ከተማው በአስተማሪነቱ፣ መንግሥት ደግሞ በኮርያ ዘማችነቱ። ዕድሜ ተሰጥቶት ሁሉንም ሆኖ ኖረ። ሲሞትም ለቀስተኛው ይህንን ሁሉ እያነሳ አለቀሰው። እጁን ግን ማንም አላነሳም። እኔ ላንሳው፤ ከኔ በላይ ያፈረበትም ያፈረለትም የለም።

አባቱና አባቴ በሬ አቀናጅተው የሚያርሱ ወዳጆች ነበሩ። እነሱም አንድ በሬ፣ እኛም አንድ በሬ፤ አንድ ላይ ጠምደው አንድ ቀን የኛን አንድ ቀን የነሱን ማሳ ያርሳሉ። ልጁ በቦርከና ዳር ቁርዓን ቀርቶ፣ እርሻውንም ተክኖ፣ ጎረምሳ ሳለ ወታደር ሆነና አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ባሕር ተሻግሮ ኮርያ ሄደ ተባለ። ኮርያ የት እንደሆነ ማን ያውቃል? እኛ ከባቲ ገበያ ወዲያ ያለው በረሃ የዓለም መጨረሻ ይመስለን ነበር። እሱ እዚያ ሳለ ሁለቱ አባቶች፣ በደህና ከተመለሰ ልጅህ ለልጄ ተባብለው ቃል ተሰጣጡ። እኔን የጠየቀኝ የለም፤ ያን ጊዜ ሴት ልጅ አትጠየቅም።

ተመለሰ። በንጉሡ ጊዜ ነው፣ ከሚሴ ትምህርት ቤት ገና መከፈቱ ነበር። እሱም በውትድርናው ፊደል ስለተማረ አስተማሪ አድርገው ቀጠሩት። ከኒካሁ በፊት ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ በገበያ ቀን፣ ከሩቅ። ረጅም ነው፤ መልኩም የሚጠላ አይደለም። ግን ሰው ሁሉ በሽርጥ ብቻ በሚውልበት ሙቀት እሱ አመድማ የወታደር ካፖርት ደርቦ፣ ቀኝ እጁን ከኪሱ ሳያወጣ ይሄዳል። ሰው ሲያገኘው በግራው ደረቱን ነካ አድርጎ ብቻ ሰላም ይላል። ምን ዓይነት ኩራት ነው እቴ፣ አልኩ በሆዴ። ደስም ብሎኝ ነበር፣ ምን እዋሽሃለሁ። ካፖርት የለበሰ ባል ከእኩዮቼ ለማናቸው ተገኘላቸው?

በኛ አገር ኒካህ ሲታሰር የልጅቱ አባትና ሙሽራው ጉልበት ለጉልበት ገጥመው ይቀመጣሉ። ቀኝ ለቀኝ ይጨባበጣሉ፣ አውራ ጣት ከአውራ ጣት ይገጥማል፣ በእጃቸው ላይ ነጭ ጨርቅ ይደረባል። ሸኹ ቃሉን እያቀበላቸው አባት ድሬልሃለሁ ይላል፣ ሙሽራው ተቀብያለሁ ይላል። ሴት እዚያ አትቀመጥም፤ እኔ ጓዳ ነበርኩ። የሆነውን በኋላ የነገረን አባቴ ራሱ ነው። ጨርቁ ከተደረበ በኋላ እጁን ሰደደ፤ አውራ ጣት አገኘ፤ የቀሩትን ሲፈልግ የሉም። ጉማጅ ብቻ። ፍሬው የረገፈ የበቆሎ ቆረቆንዳ የጨበጥኩ መሰለኝ አለ። ላብ አጠመቀው። ሙሽራው ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሸኹ በል እንጂ፣ በል ይለዋል። ሽማግሌዎቹ ተደርድረው ይጠብቃሉ። አባቴ ድሬልሃለሁ አለ፤ አስደገሙት፣ ደገመ። ዱዓ ተደረገ፣ ሰው አሜን አለ፣ አለቀ።

አባቴ ቤት ሲገባ እናቴ ፊት ቁጭ ብሎ፣ "ልጄን ለቆማጣ ድሬ መጣሁ" አላት።

ቃሉን ዛሬ ልጆቻችን ነውር ነው ይሉናል፤ ልክ ናቸው። ያኔ ግን ሌላ ስም አናውቅም። ጣት የሌለው ሰው ስናይ ሌላ ነገር ወደ ሐሳባችን አይመጣም ነበር። በገበያው ዳር ተቀምጠው የሚለምኑ ምስኪኖች ነበሩ፤ ሰው ሳንቲሙን ከሩቅ ነው የሚወረውርላቸው። በዘር ይወርዳል፣ በማዕድ ይጋባል ይባላል። ደሴ ወዲያ ሐኪም ቤት እንዳላቸው እንሰማለን፣ የሄደበት ሰው ግን ከኛ ወገን አልነበረም።

እናቴ አልጮኸችም። እጁን ስትይዘው አውቀሃል ወይ አለችው። አዎ አላት። ታዲያ ለምን ቃሉን ጨረስክ?

"አፈርኩ" አለ አባቴ። "ያ ሁሉ ሰው ተቀምጦ፣ የወዳጄ ልጅ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ እጄን እንዴት ልመንጭቅ?"

ይኸውልህ፣ እኔ የተዳርኩት በእፍረት ነው። ሌላዋ በመልኳ ትዳራለች፣ ሌላዋ በዘሯ፤ እኔ አባቴ እጁን መንጠቅ ስላፈረ ተዳርኩ። ጓዳ ሆኜ ይህን ስሰማ የተናደድኩት በሙሽራው አልነበረም፣ በአባቴ ነበር።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እናቴ ለእህቷ ብቻ ነገረች፣ እህቷ ለጎረቤቷ ብቻ ነገረች፣ ወሬው ሰንበቴ ገበያ ደርሶ ተመለሰ። ውሃ ስወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን ከእንስራዬ ራቅ አድርገው ማስቀመጥ ጀመሩ። ክፉ የተናገረኝ የለም። ይልቅስ አብሽሪ፣ አላህ ያውቃል ይሉኛል። ያቺ አብሽሪ ከስድብ ባሰችብኝ፤ ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ በኋላ ውሃ የምወርደው ሰው ሁሉ ቀድቶ ከተመለሰ በኋላ፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ ሆነ።

ትምህርት ቤቱም ባዶ ቀረ ማለት ይቻላል። ወላጅ ድሮም ልጁ ከብት ጥበቃውን ትቶ ፊደል መቁጠሩን አልወደደውም፣ አሁን ሰበብ አገኘ። በፊትም በግራ እጁ የሚጽፍ አስተማሪ ምን በረካ አለው ይሉት ነበር፤ የግራው ምክንያት አሁን የተገለጠላቸው መሰላቸው። ጥቂት ልጆች ብቻ ቀሩለት። ለነሱም ያንን ካፖርት ለብሶ በየጠዋቱ ቀድሟቸው ይደርስ ነበር አሉ።

ሰርጉ ማሽላው ከተሰበሰበ በኋላ እንዲሆን ተቆርጦ ስለነበር ጊዜ ነበረን። አባቴ ኒካሁ የሚፈርስበት መንገድ እንዲፈለግለት ሸኹ ዘንድ ሄደ። ሸኹ፣ እያወቅክ ቃሉን ከጨረስክ እኔ ምን ላድርግህ፣ ይልቅ ልጁን ጠይቀኸዋል ወይ አለው። አልጠየቀውም። አገሩ ሁሉ ስለሱ ያወራል፣ እሱን የጠየቀው አንድ ሰው የለም!

አባቴ ሄዶ ጠየቀው። ብርድ ነው አለው። ኮርያ በክረምቱ መሬቱ እንደ ድንጋይ ይደርቃል፣ ወታደሩም እጁን በወፍራም ጓንት ሸፍኖ ነው የሚውል አለው። አንድ ቀን ምሽግ ውስጥ ሆነው ምግብ ሲታደል ጓደኞቹ በጓንታቸው ማንኪያ ይዘው በሉ። እሱ በጨርቅ በተጠቀለለ እጅ ቢስሚላህ ማለት አልሆንልህ አለው። የቀኙን ጓንት አውልቆ፣ እንደ አገሩ በቀኝ እጁ መብላት ጀመረ። ወዲያው ተኩስ ተነሳ፣ ሁሉም ተራወጠ፣ ጓንቱ እዚያው በረዶው ውስጥ ቀረ። በባዶ እጁ ብረት ጨብጦ አደረ። ሲነጋ ጣቶቹ እንጨት ሆነዋል፤ ሐኪም ቆረጣቸው። በጥይት ቢሆን ኖሮ ገና ስገባ አወራው ነበር አለ። ምሳዬን ልብላ ብዬ ጣቴን አጣሁ ተብሎ ምን ተብሎ ይፎከራል? ካፖርቱ ውስጥ የደበቀው ለዚህ ነበር።

አባቴ መልሱን ይዞ መጣ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ሰማ። ሳቁ። ብርድ! ታላቁ አጎቴ፣ ብርድ ጣት የሚበላ ቢሆን ደገኛው ሁሉ በክርኑ ይጎርስ ነበር አለ። እኔም ከጓዳ ሆኜ ሳቅኩ። እኛ እኮ ከሙቀት የተነሳ ደጅ አንጥፈን የምንተኛ ሰዎች ነን። ብርድ ማለት ለኛ ጠዋት ጠዋት ኩታ የሚያስደርብ ነገር ነው። ሳቁ ሲያልቅ ግን እናቴ አለቀሰች፤ እኔም ተከተልኳት።

ደሴ ሄዶ ይታይ የሚል ሐሳብ መጣ። ያንንም አባቴ አደረሰለት። ልጁ እዚህ ላይ ተቆጣ።

"ሰው እንደ ገበያ በሬ ጥርሱ ታይቶ አማች አይሆንም" አለው። "ከፈለጋችሁኝ ውሰዱኝ። ካልፈለጋችሁኝ ንገሩኝና እፈታታለሁ። እሷ ምን በደለች?"

ነገሩ ወደኛ ዞረ ማለት ነው። እንፈልግሃለን ወይም አንፈልግህም ማለት ነበረብን፤ ይህን ደግሞ የኛ ቤት ሰው አይችልበትም። አባቴ በሄደ ቁጥር ስለ ዝናብና ስለ በሬ አውርቶ ይመለሳል። በመጨረሻ ሸኹ መላ ሰጠው። ለምሳ ጥራው፣ ዘመድህንም ሰብስብ አለው። ከሱ ጋር ከአንድ ትሪ መብላት ከቻላችሁ ሰርጋችሁን ደግሱ፤ ካልቻላችሁ ያኔውኑ በግልጽ ንገሩትና በክብር ይለያዩ። የኔ ዕድል በዚያ ምሳ ላይ ተንጠለጠለ። እኔም፣ ላንተ ምን እደብቅሃለሁ፣ እንዳይበሉ ዱዓ አደረግኩ።

በግ ታረደ። በግቢያችን ዳስ ተጣለ። እኔ ከጓዳ በሸምበቆው ግድግዳ ቀዳዳ አያለሁ። መጣ። ካፖርቱን ትቶ፣ ነጭ ሸሚዝ ብቻ ለብሶ፣ እጅጌውን ጠቅልሎ መጣ። ሞኝ አይደለም፣ ለምን እንደተጠራ ያውቃል። እጁን ያየሁት ያኔ ነው። አውራ ጣቱ ደህና ነው፤ የቀሩት ከሥራቸው ተቆርጠው ቆዳው ተቋጥሮ ያብረቀርቃል። ቁስል የለበትም። ቢሆንም ዓይኔ እዚያ መቆየት አልፈለገም፣ ወደ ጫማው ወሰድኩት።

አክስቴ ልታስታጥብ ወጣች። ለሰው ሁሉ ማንቆርቆሪያውን ዝቅ አድርጋ ታፈስሳለች። እሱ ዘንድ ስትደርስ ከፍ አድርጋ ከሩቅ ለቀቀችው፤ ውሃው ተረጭቶ ሸሚዙን አበሰበሰው። አላህ ይስጥልኝ አላት፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው።

ትሪው ቀረበ፣ ለአራት ሰው የሚሆን። አጎቶቼ አብረውት ከበቡ። ታላቁ፣ እኔ እንኳ ጠግቤ ነው የመጣሁት አለ። ሁለተኛው ሆዱን ይዞ ሰሞኑን ምግብ አልስማማ አለኝ አለ። ትንሹ ጾመኛ ነኝ አለ፤ ጠዋት ቂጣ ሲያላምጥ ሁላችንም አይተነዋል። ብላ፣ ብላ እንጂ፣ አቦ አትፈር ይሉታል፤ የነሱ እጅ ግን ከጉልበታቸው አይነሳም። እሱ ቢስሚላህ ብሎ በአውራ ጣቱና በጉማጁ መሃል እንጀራውን ቆርሶ ጠቀለለ። ለምዶታል፣ ያምርበታል እንኳ። አንድ ጎረሰ። አልደገመም። እጁን ትሪው ጠርዝ ላይ አሳርፎ ተቀመጠ።

የዝንቡ ድምፅ ይሰማል። የወጡ ሽታ ጓዳ ድረስ ይመጣል፤ የበግ ወጥ እስከ ዛሬ አይጥመኝም። ለመሆኑ ያፈርኩት በማን ነበር? በሱ ይሁን በአጎቶቼ፣ ወይስ ያንን ዱዓ ባደረግኩት በራሴ፣ ለይቼ አላውቀውም። ግድግዳ ከልሎኝ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ።

አባቴ ሌላኛው ትሪ ላይ ነበር። ተነሳ። ታላቁን አጎቴን ወዲያ በል ብሎ ከአስተማሪው ጎን ተቀመጠ። አባቴ ልቡ ሲነካ አማርኛው ይጠፋዋል፣ ኦሮምኛ ነው የሚመጣለት። "ና ኛቺሲ" አለው፤ አጉርሰኝ ማለቱ ነው። አስተማሪው የሰማውን ያመነ አልመሰለም።

"አጉርሰኝ እንጂ" አለው አባቴ እንደገና። "ይችን እጅ እኔ አስቀድሜ ይዣታለሁ። የሚይዘኝ ከሆነ ይዞኛል።"

ጠቀለለ። በዚያችው እጁ አጎረሰው። አባቴ አፉን ከፍቶ ተቀበለና ብዙ አኘከ፣ ከሚገባው በላይ አኘከ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ ፍርሃት ይሁን ሐዘን እሱ ነው የሚያውቅ። ሲውጥ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል አለና ሁለተኛውን ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ትንሹ አጎቴ ጾሙን ፈታ። ታላቁም ለካ አልጠገበም ነበር።

ይህን የሰማ ሁሉ አባትሽ ጀግና ነው ይለኛል። ጀግና ነው። እኔ ግን ያኔ፣ አበቃልኝ፣ ከእንግዲህ መውጫ የለኝም ነው ያልኩት። ሰርጉ ሲደገስ፣ ሴቶቹ ሲዘፍኑልኝ፣ እናቴ ፀጉሬን ስትቀባኝ በሐሳቤ ያቺን እጅ ከላዬ እያነሳሁ ነበር።

ቤቱ የገባሁ ዕለት ሚዜዎቹ ወጡና ምግብ ቀረበልን። እሱ ሁለት ሳህን አወረደ። በአንዱ ለኔ ከፈለልኝ፣ በአንዱ ለራሱ አደረገ። "እንዳትሳቀቂ ብዬ ነው፤ እኔ ለብቻዬ መብላት ለምጃለሁ" አለኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳው መለስ አድርጎ በላ። እኔ በሆዴ አልሃምዱሊላህ አልኩ።

እንዲህ ሆነን ኖርን። ጠዋት ጠመኔውን በግራው ይዞ ያስተምራል። ከትምህርት መልስ ማሳው ወርዶ እርፉን በግራው ጨብጦ፣ ጅራፉን ቀኝ አንጓው ላይ አስሮ ያርሳል። ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ሌላ አካሉ አልጎደለም፣ እኔንም ምንም አልያዘኝም። ልጅ በወለድኩ ቁጥር አዋላጇ ወንድ ሴት ከማለቷ በፊት ጣቶቹን ነበር የማየው፤ ሁሉም ሙሉ ሆነው ተወለዱ።

ኋላ ወደ ከሚሴ የተላከ አንድ ድሬሰር፣ ቁስል የሚያክም የሐኪም ረዳት፣ ገበያ መሃል እጁን አይቶ፣ ይኸ የብርድ ነው፣ ኮርያ ነበሩ እንዴ አለው። ሰው ሁሉ ሰማ። ልጆቻቸውን ያስቀሩት ወላጆች መልሰው ይዘው መጡ፤ አንዳንዱ ማር ይዞ መጣ። ይቅር በለን ያለ ግን የለም። እንዴት ነው ትምህርቱ ብለው ማሩን አስቀምጠው ሄዱ።

ሁለቱ ሳህኖች ግን እንደነበሩ ቀጠሉ። ዛሬ ከሱ ሳህን እበላለሁ እላለሁ፤ ሲቀርብ ከየት ልጀምረው? እስከ ዛሬስ ለምን አልበላሽም ቢለኝ? ይሉኝታ እንዲህ ያለ ነገር ነው፣ አንድ ቀን ካሳደርከው ዓመት ያድራል። ልጆቹን እንኳ በእጁ አላጎረሳቸውም፣ በማንኪያ ነበር የሚያበላቸው። እንግዳ ሲመጣ አስታጥቦ፣ ሥራ አለኝ ብሎ ይወጣል። ሰው ትሕትናው ይለዋል። እኔ ምን እንደሆነ እያወቅኩ፣ አዎ ትሑት ነው እላለሁ።

አርጅቶ ዓይኑ ደከመ። የመጨረሻው ረመዳን ላይ አንድ ምሽት የመግሪብ አዛን ሲል ሁለታችን ብቻ ነበርን። በውሃ አፈጠረ። ከዚያ ከቴምሩ አንዷን በአውራ ጣቱና በጉማጁ መሃል ያዘና ወደ ራሱ አፍ ሳይሆን ወደኔ ዘረጋት። አያየኝም፣ በድምፄ ነው የፈለገኝ። አገጬን ነካው፣ ከዚያ ከንፈሬን አገኘ። ከፈትኩለት።

"አትጸየፊኝም?" አለኝ ቀስ ብሎ።

ያን ሁሉ ዘመን ከጎኔ ሲተኛ፣ ሲያርስልኝ፣ ልጆቼን ሲያሳድግ፣ ይህን ነበር የሚያስበው። ራሱን ወደኔ አዘንብሎ መልሴን ይጠብቃል። ቴምሯ አፌ ውስጥ ናት፤ ማኘኩም መዋጡም አቃተኝ። ዝምታዬ ሲረዝም ጊዜ "አይዞሽ" ብሎ ጉልበቴን መታ መታ አደረገና ወደ ቂብላ ዞሮ አላሁ አክበር አለ። የሚሰግድ ሰው አያነጋግሩትም። ቴምሯን እንደምንም ውጬ ፍሬዋን መዳፌ ውስጥ ይዤ ጠበቅኩት፤ ሰግዶ ሲጨርስ እነግረዋለሁ አልኩ። ጨረሰና ፊቱን ወደኔ መለሰ።

ሾርባው እንዳይቀዘቅዝብህ ጠጣ አልኩት።